የጆርጅን ቤት

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሜሮን ሳን ሆዜ ውስጥ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ ነበር። መኪናዋን ፓርክ አድርጋ በሩን ስትከፍትልኝ አንድ ሽታ ፊቴን መታኝ። የማያውቀው ሰው ጥሩ ሽታ እንዳይመስለው። በመቀስ እየተከረከመ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ቅጠሉ ከጥፍር የማይበልጥ የአጥር ተክል አለ፤ ቦክስዉድ ይሉታል። ዝናብ ጠጥቶ ፀሐይ ሲያገኘው የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው። ሜሮን አፍንጫዋን ይዛ፣ «ማሚ፣ ካት ፒ ነው የሚሸተው፤ ቶሎ እንግባ» አለችኝ። እኔ ግን የአጥሩን ጫፍ በመዳፌ እያሻሸሁ ቆምኩ። ለእሷ የድመት ሽንት ነው። ለእኔ ግን ከሬድውድ ሲቲ በላይ የሚገኘው ያ ትልቅ ቤት፣ የቅዳሜዎቼ ሁሉ ሽታ ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከቤቱ አስተዳደር ኢሜይል ደርሶኝ፣ ምን ብዬ እንደምመልስ ሳላውቅ የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። ሐኪሙ አፌን አስከፍቶ ስለ ጥርሴ ሲነግረኝ እኔ ስለ መስኮት ነበር የማስበው።

ስለ መስኮት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ቤቱ ቀይ ጡብ ነው፤ መስኮቶቹ ነጭ፤ ግራና ቀኙ በገመድ የተለካ። በሩ መሐል ለመሐል ነው፤ ከበሩ በላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር፣ ከግንባሩ ሥር እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ የተከፋፈለ መስተዋት አለ። ጡቡ አንዱ በጎኑ፣ አንዱ በራሱ እየተፈራረቀ ነው የተደረደረው፤ ጠጋ ብሎ ላየው ሰው የጥልፍ ሥራ ይመስላል። የላይኛው ፎቅ መስኮቶች ከታችኞቹ ያንሳሉ፤ ዓይን ወደ ላይ ሲሄድ ቤቱ ከቁመቱ በላይ ረዝሞ እንዲታየው ነው። የሚከፈቱትም ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ነው፤ በመቃኑ ሆድ ውስጥ ገመድና ክብደት ስለተደበቀ በሁለት ጣት ሲገፉት ብን ብሎ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ለአንድ ነገር ሲባል ነው፤ ለሚዛን። በግራ ያለው በቀኝም ይኑር። ሚዛን ሲፈለግ ደግሞ መዋሸት ይመጣል። ከጭስ ማውጫዎቹ አንዱ እሳት አይቶ አያውቅም፤ ለጓደኛው አምሳያ እንዲሆን ብቻ ነው የቆመው። ከላይኛው ፎቅ መስኮቶች ደግሞ በስተቀኝ ዳር ያለው የውሸት ነው። ነጭ ክፈፍ አለው፣ መስተዋት አለው፤ ከመስተዋቱ ኋላ ያለው ግን ጥቁር የተቀባ ግድግዳ ነው። እዚያ ቦታ መስኮት ባይኖር ቤቱ ጥርሱ የወለቀ ሰው ይመስል ነበር። ከግድግዳው ኋላ የሠራተኞች ደረጃ አለ። ለእነሱ ብርሃን ያስፈልጋቸዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ነገርን በልኩ መናገር ስለምወድ ይህንንም ልጨምር፤ ቤቱ እውነተኛ ጆርጂያን አይደለም። እውነተኞቹ እንግሊዝ አገር ናቸው፤ ጆርጅ ጆርጅ የሚባሉ አራት ነገሥታት ተከታትለው በነገሡበት ዘመን የተሠሩ የባላባት ቤቶች። የእኛው ከዚያ ዘመን ብዙ ቆይቶ፣ እዚሁ ካሊፎርኒያ በውሃ ንግድ የከበረ አንድ ሰው ያሠራው ቅጂ ነው። ሰውየው እንግሊዝን ያያት ለጫጉላ ጉዞ ሄዶ ነው ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን እሷን ሲያወራ ኖረ። እዚህ መሬት ይንቀጠቀጣልና የቤቱ አጥንት ኮንክሪት ነው፤ ጡቡ ልብሱ ነው። ስለዚህ ያ ቤት በጡብ የተሠራ የሌላ ሰው ናፍቆት ነው። የራሴን ናፍቆት ጠርዤ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጥኩት ቆይቻለሁ፤ የሌላ ሰው ናፍቆት ግን እንዲህ ከነግንባሩ ከነዓምዱ ቆሞ ሲታይ ያስቃል፤ ደስም ይላል።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ሰው በሚጨርስበት ዕድሜ ነው። ኦክላንድ፣ ከሐይቁ አጠገብ፣ ለአዋቂዎች በማታ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበር። ቀን ቀን አንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰው አንብቦ የመለሰውን መጽሐፍ ወደ ቦታው እመልስ ነበር። አንድ ቀን እጄ ላይ የወደቀው መጽሐፍ ከክብደቱ የተነሣ በሁለት እጅ የሚያዝ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር የቤት ሥዕል፣ የእያንዳንዱ ክፍል ስም በቀጭን መስመር የተመለከተበት። እንግሊዝኛን ከዚያ መጽሐፍ ነው የተማርኩት ብል ማጋነን አይሆንም። ሳንድዊች ቤት ገብቼ የምፈልገውን መናገር ያቅተኝ በነበረበት ጊዜ፣ ከበር በላይ ያለውን ጉበን፣ ግራና ቀኝ ያለውን መቃን፣ የዓምዱን ራስና የዓምዱን እግር በእንግሊዝኛ አንድ በአንድ እጠራ ነበር። አስተማሪዬ፣ «ከቤት ዕቃ ጀምሪ እንጂ፣ ምን ይሁንሽ ብለሽ ነው ይህን የምታጠኝው?» ብትለኝ፣ «ቤቱን ሳላውቅ ዕቃውን የት ላስቀምጠው?» አልኳት። ያኔ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የእኛ ሰው ምግብ ቤት ጥቂት ነበር፤ ቤንዚን ርካሽ ነበር፤ ሴቶቻችን ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ኮት ይለብሱ ነበር። እኔም አንድ ነበረኝ፤ ቀጭን ስለሆንኩ ኮቱ እኔን ለብሶ የሚሄድ ይመስል ነበር።

ለጎብኚዎች የተከፈተው ያ ቤት በፈቃደኝነት የሚያስጎበኙ ሰዎች እንደሚፈልግ ያየሁት የቤተ መጻሕፍቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ኤል ሴሪቶ፣ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ ካለ ልባሽ ልብስ ቤት ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ በሦስት ብር፣ ሦስት ዶላር ማለቴ ነው፣ ገዛሁ፤ ከነጭ ሸሚዝ ጋር። ከኦክላንድ ባርት በሚሉት የከተማ ባቡር፣ ከዚያ በሌላ ባቡር፣ ከሬድውድ ሲቲ በአውቶቡስ፣ የቀረውን ዳገት በእግር። ወሩን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥልጠና ነበረ። የአስጎብኚዎቹ አለቃ ማርጋሬት ትባላለች፤ ረጅም፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ስትቆጣ ይበልጥ የምትለሰልስ ሴትዮ። የመጀመሪያ ቀን ደረቴ ላይ የሚለጠፈውን ባጅ «በርኒ» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። ብርነሽ ነው ስሜ ብዬ መለስኩላት። በሳምንቱ አንድ ፊደል አስተካክላ አመጣች፤ እሱንም መለስኩ። ሦስተኛው ልክ ነበር። በሥልጠናው ማብቂያ ላይ ወደ ጎን ወስዳኝ፣ ለእኔ የአትክልት ቦታው እንደሚሻለኝ፣ ድምፄ ዝግ ያለ እንደሆነ፣ እንግዶቹ ደግሞ የሚመጡት ለአንድ ሰዓት እንግሊዝ ውስጥ ለመሆን እንደሆነ ነገረችኝ። «ቤቱም እንግሊዝ ውስጥ አይደለም» አልኳት። «እንግዲያው ሰዎች አምጪ፤ በራስሽ ቋንቋም ቢሆን አስጎብኚያቸው፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ» አለች። ፈተናዬ ይህ ሆነ። ካለፍኩ የቤቱ አስጎብኚ ነኝ፤ ካላለፍኩ ጽጌረዳ ማስቆጠር ነው ዕጣዬ።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አስጠንቅቃኝ ነበር። ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ማለት ቤተሰቡ ይበላበት የነበረው ትልቁ ክፍል ውስጥ፣ እጀታ የሌለው በር አለ። ከግድግዳው እንጨት ጋር አንድ ቀለም የተቀባ፣ ጠርዙ እንጂ በርነቱ የማይታይ፤ አንድ ቦታ ሲጫኑት ይከፈታል። ወደዚያ ወደ ጨለማው ደረጃ ነው የሚወስደው። አስጎብኚዎቹ ኮታቸውንና መጥረጊያውን ያስቀምጡበት ነበር። «ያንን በር ለእንግዳ አንከፍትም፤ እኛ የምናወራው የቤተሰቡን ታሪክ ነው» አለች ማርጋሬት። እኔም እሺ አልኩ። የዚያን ጊዜ እሺ ያልኩት ከልቤ ነበር፤ ማለፍ ነበር የምፈልገው።

የማውቃቸው ሰዎች የኦክላንድ የጊዮርጊስ ማኅበርተኞቼ ናቸው። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ሆቴል ውስጥ ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ፣ ሳቃቸው ከሌላ ክፍል የሚሰማ ሴትዮ። ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ ቅዳሜ የጆርጂያን ቤት አስጎበኛለሁ። ፈተናዬ ነው፤ ሰው ካላመጣሁ ለወንበሩ ነው የማወራው።»

«የጆርጅን ቤት?»

«አዎ፣ የጆርጂያን ቤት።»

«ውይ! ቅዳሜ እኮ ሃያ ሦስት ነው። የሚያዝያው!»

«አውቃለሁ እትዬ፣ ማታ ለማኅበሩ እንደርሳለን።»

«ምን ማታ አመጣው? ይዘነው እንመጣለን እንጂ!»

ይዘነው እንመጣለን ያሉትን የመንገድ ስንቅ መስሎኝ አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። እትዬ ዘውዴ ጊዮርጊስ የሚባል ልጅ አላቸው፤ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ በሥራውም በመንገዱም ጆርጅ ነው የሚባለው። እሳቸውም ራሳቸው «ጆርጅን ጥሩልኝ፣ ጆርጅን አብሉልኝ» ማለት ከለመዱ ቆይተዋል። ስለዚህ ጆርጂያን ስላቸው ስሙን ከነ«ን»ኑ ነው የሰሙት። የጊዮርጊስን ቤት፤ በዓመቱ ቀን፤ ሬድውድ ሲቲ። የሚጠራጠሩበት ምን ምክንያት አላቸው?

ቅዳሜ ጠዋት የጋሽ ተፈራ ቫን ጠጠሩን እያንኮሻኮሸች መጣች። ጋሽ ተፈራ ሰው ከኤርፖርት የሚያመላልስ ነው፤ የቫኗ ካሴት ማጫወቻ አንዴ የዋጠውን ካሴት አልተፋ ብሎ ዓመቱን ሙሉ አንድ የሠርግ ዘፈን ነበር የሚያስደምጠን። ያን ዕለት ግን ስለ በዓሉ ድምፁን ዘግተውታል። በሩ ሲከፈት አየሁ፤ ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። እትዬ ዘውዴ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ጋሽ ተፈራ ቤቱን ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ «ጊዮርጊስ ይህን የመሰለ ቤት ገዝቶ ለእኛ ሳይነግረን? ሞርጌጁን ማን ይክፈልለት?» አለ።

«አንተ አፍህን ሰብስብ፣ ባለ ፈረሱ ይሰማሃል» አሉት እትዬ ዘውዴ። ወዲያው ከቤቱ ጎን ካለው በረት ጣሪያ ላይ ነፋስ የሚያዞረውን የብረት ፈረስ አዩና እልል አሉ። «ይኸውላችሁ! ይኸውላችሁ ፈረሱ!»

ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ያኔ ነው። ማርጋሬት በሩ ላይ ቆማለች። ማኅበርተኞቼ የበሩ ደፍ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ፤ ማርጋሬት ፊቷ በርቶ፣ «እንዴት አሳቢዎች ናቸው፤ ለወለሉ ብለው ነው?» አለችኝ። ከዚያ አንድ በአንድ መቃኑን መሳለም ጀመሩ። ፊቷ ትንሽ ደፈረሰ። «ምን እያደረጉ ነው?» «ለበሩ አክብሮት ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም። ያ በር በእኔ ዓይን ይገባዋል።

አዳራሹ ውስጥ ሰብስቤያቸው ገና አፌን ስከፍት እትዬ ዘውዴ ቀስ ብለው፣ «ሥዕሉ በየት በኩል ነው ልጄ?» አሉኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል የውሃው ነጋዴ ነው፤ ጢሙን አሹሎ፣ ከውሻው ጋር። ፊቴ እየጋለ ነገርኳቸው። ቤቱ የቅዱሱ አይደለም አልኩ። ጆርጂያን የሚባለው በአራት የእንግሊዝ ነገሥታት ስም ነው፤ አራቱም ጆርጅ ይባሉ ነበር፤ በእነሱ ዘመን የነበረውን የቤት አሠራር ለመጥራት ነው አልኩ። አንዲቷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። በቃ፣ ፈተናውም ማኅበሩም በአንድ ቀን አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

እትዬ ዘውዴ ዳቦውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ቆይ ቆይ። እነዚህ ነገሥታት ጆርጅ የተባሉት በማን ስም ነው?»

«በ… በቅዱስ ጊዮርጊስ ነዋ። የእንግሊዝም ጠባቂ እሱ ነው ይባላል።»

«አሃ። ነገሥታቱ በእሱ ስም ተጠሩ። ቤቱ በነገሥታቱ ስም ተጠራ።»

«አዎ፣ ግን…»

«ግን ምን? ታዲያ ቤቱ የማን ሆነ?» ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «አያችሁ? ተምራለች ብለን ዝም ብንላት ከነፈረሱ ልትቀማው ነበር!»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ያ አዳራሽ በሥልጠናው ወር ሁሉ እንዲህ ሲሳቅበት አልሰማሁም። ስም አንድ ነገር ነው፣ መታሰቢያ ሌላ ነው ብዬ ልከራከር አስቤ ነበር፤ ልክ አልነበሩም፤ ግን ስህተታቸውን የማወጣበት ቦታ አጣሁ። ማርጋሬት ከኋላ ሆና፣ «ምን አሳቃቸው?» አለች። «ነገሥታቱ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ምላሴ ተፈታ። ጉበን ስል፣ መቃን ስል ሌላ ማብራሪያ አልፈለጉም፤ ከኦሪት ዘጸአት ያውቁታል፤ ደም የተቀባበትን። መስኮቱ ወደ ላይ ሲሄድ ጋሽ ተፈራ ራሱ ሞክሮ፣ «የቫኔ በር እንዲህ ቢሆን!» አለ። ወደ ውጭ አውጥቼ የውሸት መስኮቱን አሳየኋቸው። «ለምን ይዋሻል?» አሉ። ለሚዛን ነው አልኩ። «እንዲያው ለታይታ?» አዎ፣ ለታይታ። ከዚያ ትልቁ ምግብ ቤት ገባን። ረጅሙ ጠረጴዛ፣ የብሩ ማንኪያ፣ በእጅ የተሳለው የግድግዳ ወረቀት። እንደተባልኩት ስለ ቤተሰቡ ግብዣ አወራሁ። እትዬ ዘውዴ ጠረጴዛውን ሳይሆን የክፍሉን ጥግ ጥግ ነበር የሚያዩት።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሳህን የሚመጣው ከየት ነው?»

«ወጥ ቤቱ ከታች ነው፣ መኝታ ቤቶቹ ከላይ።»

«በዚያ በትልቁ ደረጃ ሠራተኛ አያወጡም መቼም። ሠራተኛዋ በየት ነው የምትወጣው?»

ማርጋሬት አማርኛ አታውቅም፤ ዓይኔ ወዴት እንደሄደ ግን አየች፤ ራሷን በቀስታ ወዘወዘች። አይሆንም ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ የምወደው ቦታ ላይ ለመቆየት አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅብኛል፤ «አላውቅም» ማለት። አውቃለሁ። የዕድሜዬን ግማሽ አላውቅም ስል ኖሬ፣ ማታ ማታ ተምሬ፣ ያንን ቃል ከአፌ ለማጥፋት ነው ያን ሁሉ የደከምኩት። ወደ ግድግዳው ሄድኩ። በመዳፌ ተጫንኩት። በሩ ትንሽ አጉረመረመና ተከፈተ።

«በዚህ» አልኩ።

ኮቶቹንና መጥረጊያውን ገለል አድርጌ አስገባኋቸው፤ አንድ በአንድ፣ ባዶ እግራቸውን፣ ነጫቸውን ሰብስበው። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ የሚያዝ ነገር የለውም። በትከሻ ልክ ግድግዳው ላይ እንደ ቅባት የጠቆረ መስመር አለ፤ ትሪ በሁለት እጅ የያዘ ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በትከሻው ነው። እትዬ ዘውዴ ከላይ፣ መስኮቱ መሆን ባለበት ቦታ ግድግዳውን ዳሰሱ። «ይህ ነው ከውጭ መስኮት ያልሽን?» «አዎ እትዬ።» አልሳቁም። ጨለማው ውስጥ ቆመው ድፎውን ከጨርቁ ፈቱ፣ ባረኩ፣ ቆርሰው ለሁላችንም አደሉን። የጊዮርጊስን ጸበል ጸዲቅ የቀመስነው እዚያ ነው፤ ትልቁ ምግብ ቤት አጠገብ እያለ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ማርጋሬት በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ ላሳልፍሽ አልችልም አለችኝ። «እንግዲያው በሚቀጥለው ወር እንደገና ፈትኝኝ» አልኩ። «በሩንስ?» «ከጠየቁኝ እከፍተዋለሁ።» በሚቀጥለው ወር ሌላ እንግዳ ይዤ መጣሁ፤ ከፈትኩት፤ ወደቅሁ። ከዚያ ደግሞ መጣሁ። በሦስተኛው ማርጋሬት ተነፈሰችና፣ «ቢያንስ የሸረሪት ድሩን ጥረጊው» አለች። ማለፌን የነገረችኝ በዚህ ቃል ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስም ያንን በር «የብርነሽ በር» ነበር የምትለው፤ ስሜን አጥርታ።

እንግዲህ ኢሜይሉ የመጣው ለእኔ፣ ያንን በር ስከፍት ለኖርኩት ሴት ነው። አሁን ያለው የቤቱ ኃላፊ ወጣት ነው፤ በጣም ትሁት። ከዚህ በኋላ እንግዶች አንገታቸው ላይ በሚንጠለጠል ተናጋሪ መሣሪያ ነው የሚጎበኙት፤ እኛ የቆየነው ደግሞ በሩ ላይ ቆመን እንቀበላለን፤ ማዕረጋችንም የእንኳን ደህና መጣችሁ አምባሳደር ይሆናል ይላል። አምባሳደር! በእኛ አገር ሰው አምባሳደር ተደርጎ የሚሾመው መቼ እንደሆነ የማያውቅ የእኔ ዕድሜ ሰው የለም። ሄጄ መሣሪያውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። ደስ የሚል የእንግሊዝ ድምፅ ነው። ምግብ ቤቱ ጋ ሲደርስ ስለ ማንኪያው ያወራል፣ ስለ ግድግዳ ወረቀቱ ያወራል፣ ከዚያ ወደ ዳንስ አዳራሹ ይዞ ይሄዳል። በሩ የለም። ኃላፊውን ብጠይቀው፣ «ሰው ረጅም ነገር አይሰማም» አለኝ ፈገግ ብሎ። ሜሮን ደግሞ መኪና ውስጥ፣ «ማሚ፣ ኮምፕሊመንት እኮ ነው! ደረጃ መውጣት ትተሽ በሩ ላይ ቁጭ በይ፤ ጉልበትሽስ?» አለችኝ። «ጉልበቴን አይደለም የተዉት፣ በሩን ነው» አልኳት። በእንግሊዝኛ ብዙ መለሰችልኝ። እኔ የመስኮቱን መስተዋት አየሁ።

የሚያዝያ ጊዮርጊስ ባለፈው ሳምንት ነበር። ማኅበሩ ከዚያ ጊዜ ወዲህ በየዓመቱ መምጣቱን አልተወም፤ ቤቱ የጊዮርጊስ መሆኑን የሚጠራጠር የለም፤ እኔም ማስተካከል ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ጋሽ ተፈራ አርፏል፤ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። እትዬ ዘውዴን ልጃቸው ጆርጅ ነው ያመጣቸው፤ ባለ ጎማ መደገፊያቸውን እየገፉ፣ ነጭ ለብሰው። እኔ ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ በታዘዝኩበት በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ያመጣችኝ ሜሮን አዳራሹ ጥግ ስልኳን እያየች ትጠብቀኛለች። ኃላፊው መሣሪያውን አንገታቸው ላይ ሲያጠልቅላቸው እትዬ ዘውዴ እንደ መስቀል ቀና ብለው ተቀበሉት። መቃኑን ተሳለሙ። እኔን ጉንጬን ሳሙኝና፣ «አንቺ ለምን እዚህ ተተከልሽ?» አሉኝ። «አምባሳደር ሆኜ ነው» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ መሳቃቸውን ትተው አዩኝ።

ምግብ ቤቱ ከአዳራሹ ቀጥሎ ነው፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ይሰማል። ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ስለ ማንኪያው ይሰማል፤ ጸጥ ብሏል። የመደገፊያው ጎማ ሲቆም ሰማሁ። ቀጥሎ መሣሪያው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ። ከዚያ ያ ከሌላ ክፍል የሚሰማው ድምፅ መጣ።

«ልጄ! ሠራተኛዋ በየት ነው የምትወጣው?»

መልሱን ከእኔ እኩል ያውቁታል። እንግዶቹ ዞር ዞር አሉ። ኃላፊው ፈጠን ብሎ ገብቶ ምን እንደፈለጉ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው፤ ውሃ ይሆን፣ ወንበር ይሆን አለ። እኔ ደፉ ላይ ቆሜ ነበር፤ ያ የተሰጠኝ ቦታዬ ነው፤ ከዚያ ከተንቀሳቀስኩ ባጄን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ያኔ ሜሮን ስልኳን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። ወደ ምግብ ቤቱ በር ሄዳ ለኃላፊው በእንግሊዝኛ፣ «ሠራተኛዋ በየት እንደምትወጣ ነው የሚጠይቁት» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ አማርኛዋ እንደ ልጅነቷ እየተሰባበረ፣ «ማሚ፣ እትዬ እኮ እየጠየቁሽ ነው» አለችኝ።

ደፉን ለቅቄ ሄድኩ። ኃላፊው መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር፤ ይቅርታ ብዬው አለፍኩ። ጉልበቴ ቆረቆረኝ፤ ይቆርቁረኝ። መዳፌን ግድግዳው ላይ፣ የማውቀው ቦታ ላይ አደረግሁ። በሩ እንደ ድሮው ትንሽ አጉረመረመ።

«በዚህ» አልኩ።